ናሙና አሥራ ሰባት

ከቱቦው ጎን ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣
ስም የለበትም፤ ቁጥር ነው፤ አሥራ ሰባት።
የአንድ ሰው ደም ነው፤ ከጥፍሬ ያነሰ፣
ከብርዱ ሣጥን ወጥቶ እጄ ላይ የደረሰ።
የማን እንደሆነ ማወቅ የለብኝም፤ ፈርሜያለሁ።
ግን ጎንደር ናት ይህች፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ፣
ግማሽ ገላው ውጭ፣ የሚኒባስ በር ይዞ፣
«አዘዞ! አዘዞ! አንድ ሰው የቀረው!»
እያለ ዳገቱን በድምፁ ሲገፋው የኖረው፣
አምና ክረምት ላይ፣ ዝናብ ሲያጣድፈን፣
የሁለት ብር መልሴን ይዞብኝ የሄደው፣
አዛናው ነው።

እንዲህ ሆነ አሉ፤ አንድ ማለዳ፣ አራዳ ላይ፣
አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ቀረ ምላሱ ላይ።
«አ» አለ። «አ» አለ። ወረፋው ጠበቀው።
ሺህ ጊዜ የጠራውን የሰፈር ስም አጣው።
ቀኝ እጁ፣ ሳንቲሙን ግማሽ እንደቆጠረ፣
የሰው እጅ ይመስል ተንጠልጥሎ ቀረ።
ሾፌሩ «ጠጥቷል» አለ። እህቱ «ዓይን ነው» አለች፤
ሳይነጋ ቀስቅሳ ጠበል ይዛው ወጣች።
በሰባተኛው ቀን፣ ልብሱን ስታጥብለት፣
ከካፖርቱ ገበር የተሰፋ ከረጢት፣
ውስጡም የአምስት ወር ክኒን፣ አንዱም ያልተነካ፣
አገኘች።
ዝም ብላ ቁጭ አለች። ለካ።

በሲቲ ስካኑ ላይ፣ ከአንጎሉ በስተግራ፣
ነጭ ቀለበት ታየ፤ ማንም ያላሠራው።

ተውሳኩ እንግዳ አይደለም፤ የቆየ ተከራይ ነው።
ምናልባት በልጅነት፣ ምናልባት ከጥሬ ሥጋ፣
ወይ ድመት ከማሰችው አፈር፣ ካልታጠበ ሰላጣ፣
ገብቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ጥግ ይዞ የተኛ፤
የነቃው ኋላ ነው፣ ሲያንቀላፋ ዘበኛ።
መጽሐፉ «ጎንዲ» ይለዋል፤ ስሙ የተቀዳው
ሩቅ በረሃ ላይ ከምትኖር ዓይጥ ነው።
እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ይደናገረኛል፤
ከተማዬን በቁልምጫ የሚጠራ ይመስለኛል።

ሥራዬ ዘር መቁጠር ነው።
የሰው አይደለም፤ የሱ፤ የተውሳኩ።
ዓይነት አንድ ነው? ሁለት? ወይስ ሦስት?
ከማን ተወለደ? ከየትኛው ቤት?
እኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤
እዚህ ለአንድ ጥገኛ ከዚያም በላይ ይወረዳል።
ቤቱን ያከራየው ግን፣ ራሱን ያከራየው፣
ስሙ ተፍቆ ቁጥር ነው።

ማሽኑ ሠላሳ አምስት ዙር ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል።
ሃያ ሁለተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ጄነሬተሩ አስሎ አስሎ እስኪነሣ
በስልኬ ብርሃን ቱቦውን አየሁት፤
አንድ ጠብታ ቀርቷል፤ ለአንድ ሙከራ።
በመመሪያው ውስጥ የሌለ ነገር አደረግሁ፤
አማተብኩ።

ሊነጋ ሲል፣ ከሐምራዊው ብርሃን ሥር፣
መስመሮቹ ወጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ቀጭን።
ከሦስቱ ከአንዱም አልገጠመም።
መዝገቡ ላይ «ዓይነቱ ያልተለየ» ብዬ ጻፍኩ።
ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ደስ አለኝ።
ከዚያ አፈርኩ፤
መድኃኒቱ ያው ነውና፣ ዘሩ ቢታወቅ ባይታወቅ፤
ያው ነጭ ክኒን፣ ያው ውሃ፣ ያው መጠበቅ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አዘዞ ስሄድ፣
ከሾፌሩ ጎን አየሁት፤ ቀኝ እጁን
እንደ አደራ ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦ።
በሩ ላይ አንድ ጩጬ ረዳት ይጮኻል፤
የሱ ከንፈር ከልጁ ኋላ ኋላ ይከተላል፤
«አ... ዘ...»
ስወርድ ዞረ። አወቀኝ። በግራ እጁ ኪሱን
ሲዳብስ፣ ሲዳብስ ቆየና፣
ሁለት የብር ሳንቲም ዘረጋልኝ።
«መ... ልስ» አለኝ።

ተቀበልኩት።
አሁን እኔ ነኝ የሱን መልስ የያዝኩት።
ፈርሜያለሁ፤ አልነግረውም።
ሚኒባሱ ሄደ፤ አቧራው እስኪሰክን
እጄን ጨብጬ ቆምኩ።