አራተኛው ገጽ

ሆሊሄድ፣ ሐሙስ ማታ፤ የአየርላንዱ መርከብ በዝናብ ሲያጓራ፣
የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከፍቼ መብራት ሳበራ፣
አርባ ወንበር ደረደርሁ፤ አሥራ ሰባት ሰው መጣ፣
ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ቶሎ ሰምቶ ሊወጣ።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ ዓመት አልፎ ዓመት፣ በኅዳር፣
ለእናት ለአባት መፍታት የዩኒቨርሲቲን ብድር።

“ይህ የትምህርት ክፍያ ነው፤ ከኪሳችሁ አይወጣም፤
በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ በእጃችሁም አይመጣም።
ይህ ደግሞ የመኖሪያ፦ ለማደሪያ፣ ለምሽት ራት፣
ለአውቶቡስ፣ ለመጽሐፍ፣ ለክረምት ጫማ፣ ለመብራት።
ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ብድር፤ ስጦታው ስንት እንደሚሆንላት
የሚወስነው ቤታችሁ የሚገባው ነው በዓመት።”

“ብድር” ስል ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ፤
ጌቲን ፕሮበርት ነበር፣ የወደብ ሰው፤ ዝምታ ነው የሱ ቋንቋ።
“እናቴ” አለ ቆሞ፣ “ያኔ የድንጋይ ካባው ሲዘጋ፣
ቀለበቷን አውልቃለች ለሁለት ከረጢት ዱቄት ዋጋ።
ከዚያ ወዲያ በቤታችን ዱቤ የሚባል ቃል የለም።
ልጄን ባለዕዳ አርጌ አልሸኛትም ወደ ዓለም።”

አልተከራከርሁትም። ሰው እናቱን ሲጠራ
በሒሳብ አይመለስም፤ ጠበቅሁ ዝናቡ እስኪያባራ።
ከዚያ ቀስ ብዬ፦ “ይህኛው በር አያንኳኳም፣ ቀለበት አያስወልቅም፤
ደመወዟ ከመስመሩ ካልዘለለ ምንም አይጠይቅም።
ከዘለለም ከትርፉ ነው የሚወስድ፣ እየቆነጠረ፤
ዓመታቱ ሲያልቁ ይሰረዛል የቀረ።
ወለድ የለውም አልልም፤ ወለድ አለው፣ ይከማቻል፤
እሷ ስታጣ ግን ይታገሳል፤ ይህን የትኛው ባለሱቅ ይችላል?”

ሁሉም ሄደ። እሱ ቀረ፣ ኮፍያውን እየጠመዘዘ።
ቅጹን ከኪሱ አወጣ፤ ታጥፎ፣ ታጥፎ የደበዘዘ።
ስም፦ ነሪስ። የምትማረው፦ የባሕር እንስሳት።
አድራሻው፣ የልደት ቀኑ፣ ሁሉም ሙሉ ነው፤
አራተኛው ገጽ ላይ፣
የቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ከሚለው ሥር፣
ምንም።

“እውነቱን ልንገርሽ” አለ፣ ወለሉን እያየ፣
“ዕዳውን አይደለም።
በሰኔ ፈረቃዬን ግማሽ በግማሽ ቀነሱት፤
ማርገድ እንዳታውቅ ብዬ ሳምንቱን በውሸት ሞላሁት።
ሥራ በሌለኝ ማለዳ ምሳዬን ይዤ እወጣለሁ፤
የመብራት ማማው ሥር ቁጭ ብዬ መርከብ እቆጥራለሁ።
እዚህ ላይ ብጽፈው እሷም መፈረም አለባት።”

ሒሳብ ማስረዳት ለምጃለሁ፤ ለዚህ ግን ቃል አጠረኝ።
የመርከቡ ጩኸት ከሩቅ መጥቶ ፋታ ሰጠኝ።

“ይህ ገጽ” አልሁት፣ “ሚዛን ነው፤ ግን የተገለበጠ፤
የቀለለው የሚያነሣበት፣ ከከበደው የበለጠ።
ዘንድሮ ደመወዙ ለወረደ ሰው ሌላ ቅጽ አለ፤ እሱንም እሰጥዎታለሁ።
ያሳፈረዎት ቁጥር ነው የነሪስን ስጦታ የሚያበዛ፤
አምስት ወር የሸሸጉት ሕመም ሊሆናት ነው ቤዛ።”

አልሳቀም። አላለቀሰም። ኮፍያውን አጠለቀ።
“ከመንግሥት በፊት ማርገድ ትስማው” አለ፤
በሩን በቀስታ ዘግቶ ዝናቡ ውስጥ ዘለቀ።

ሰኞ ጠዋት ቅጹ በበሩ ስንጥቅ ሥር ወድቆ አገኘሁት።
አራተኛውን ገጽ ገለጥሁት።
በእሱ እጅ፣ በሰማያዊ፣ የአምናው ደመወዝ ተጽፎ ነበር፤
በላዩ ላይ አንድ መስመር።
ከሥሩ በጥቁር፣ በሴት እጅ፣ እውነተኛው፤ እስከ ሳንቲሙ፤
የራሷም የልብስ ንጽሕና ቤት ደመወዝ ከጎኑ፤ ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ስሙ።
ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ ለእኔ ይሁን ለሱ እንጃ፦
“ረቡዕና ዓርብ ሥራ የለውም። ጣራው ያፈሳል።”

ቅጹን ፖስታ ውስጥ ከተትሁ።
አዳራሹ ውስጥ ግን ያንን ማታ ሰው ያልተቀመጠባቸውን
ሃያ ሦስት ወንበሮች
ገና አላነሣኋቸውም።