የሦስት ደሴት ሒሳብ

ሦስት ቀን በአዳራሽ፣ ስለ ሒሳብ መዝገብ፣
ስለ ገቢ ወጪ፣ ስለ ጠፋ ገንዘብ፣
ሰማን፣ አጨበጨብን፣ አበል ፈረምን፤
«የአዳማው አውቶቡስ ነገ ነው» አሉን።
ባልደረቦቼ ወደ ገበያ ሄዱ፤
እኔ ወደ ሐይቁ፤ ቀጥ ያለ ነው መንገዱ።

አሞራ ገደል ላይ፣ ከዓሣው ሚዛን ጎን፣
አባ ኮዳ ቆሟል እንደ ጡረተኛ፣
አንጀት እስኪጣል የሚጠብቅ ተረኛ።
ልጆች የቆሮሶ ቆዳ በጥርስ ይገፋሉ፣
ባለጀልባዎቹ «ጉማሬ! ጉማሬ!» ይላሉ፣ ይጋፋሉ።

«ይኼ ሐይቅ ደሴት የለውም?» አልኩኝ፣
እንዲሁ ለወሬ። አንዱ ቀና ብሎ አየኝ፦
«አለው። ሦስት አለው፣ ሰው የሚኖርበት።
መቶ መቶ ብር ነው ለያንዳንዱ ደሴት።»

ስሙ ወዳጆ ነው። የጀልባው ስም ግን የለም፤
ተጽፎ የነበረው ተላጠ ከነቀለም።

ከታቦር ፊት ለፊት፣ ውኃው መሐል ገብቶ፣
ሞተሩን አጠፋ፣ መቅዘፊያውን አንሥቶ።
«ደረስን» አለኝ። ዙሪያውን አየሁት፤
ውኃ ነው። ውኃ ነው። ሌላ ምንም የለበት።

«ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ጫማሽን አውልቂ።
ፈንድሮ ይቺ ናት። ትንሽ ናት፣ አትሣቂ።
ሰው ጥቂት ነው እዚህ፣ ሁሉም የኔ ዘመድ፤
አንዱ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ይላል መንደሩ ባንድ።
የትምህርት ቤቱ ደወል የመኪና ቸርኬ ነው፤
መኪና ያላየ ልጅ በሱ ድምፅ ነው የሚነቃው።
አስካለ ያቻትና፣ ጥጥ ትፈትላለች፤
ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ባሏን ትሰድባለች።
ሰላም በያት።»
                «ሰላም» አልኩት ውኃውን፣
ዞር ብዬ አይቼ ሰው አለመኖሩን።

«ይኼ እኮ የዝዋይ ነው፣ የሐዋሳ አይደለም!»
«ውኃ ውኃ ነው» አለኝ፣ «አድራሻ አይጠይቅም።»

ጥቂት ቀዝፎ ቆመ። «ጸደቻ ይኸውና።
ዳገቱ እርከን ነው፤ ቀስ በይ፣ አፈሩ ይናዳልና።
ዝናብ ያወርደዋል፣ በቅርጫት እንመልሰዋለን፤
ከተራራው ጋር እየተጨቃጨቅን አደግን።
ያ ደግሞ ማሽላ የጉተማ፤
ወፍ ያጭድለታል፣ እሱ አንቀላፍቶ ከማማ።»

ሻላ አንዲት አለፈች፣ ማሽላውን ጥሳ፤
ወዳጆ «እሽ!» ብሎ መቅዘፊያውን አነሣ።
እኔ፣ ደረሰኝ ያጣ ነገር የማላምነው፣
ጫማዬን ይዣለሁ፤ እግሬ አፈር የነካ መሰለው።

ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ድምፁ ተቀየረ።
«ቱሉ ጉዶ ይኼ ነው» አለና አቀረቀረ።
«ትልቁ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከጫፍ፣
ያ የእናቴ ቤት ነው፣ ሾላ ያለው በደጃፍ።»

«እንውረድ?»
          «አንወርድም።»
                      «ለምን?»
                              ውኃው ጀልባውን ላሰ።

«ወንድሜና እኔ አንድ ታንኳ ነበረን፣
በደንገል የታሰረ፣ በጋራ የሠራን።
አንድ ሌሊት ብቻዬን ቀዝፌ ተሻገርኩ፤
ታንኳውን ዳር ትቼ መኪና ተሳፈርኩ።
ነፋስ ወሰደው አሉ። እናቴ ክረምት ታመመች፤
ሐኪም ያለው ባቱ ነው። ታንኳ ስትጠብቅ ከረመች።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት! ልለው ነበር፦ «በሚኒባስ
ሁለት ሰዓት ነው እኮ፣ ከዚህ ባቱ ለመድረስ።»
አላልኩም። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ጨሰ፤
ጉማሬ ብቅ አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
ተነፈሰና ተመለሰ።

ዳር ላይ ሦስት መቶ ሰጠሁት ቆጥሬ።
መቶውን መለሰ። «ሁለት ነው የዛሬ።
ሦስተኛው ላይ አልወረድንም።»
«አሳየኸኝ እኮ!»
               «ማየት አያስከፍልም።»

ማታ በሆቴሉ ደብተሬን ገለጥኩት፤
ገቢ ነው? ወጪ ነው? ዕዳ ነው?
መቶዋን የት ልጻፋት?

በማግሥቱ ቀኝ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ፣ ታግዬ፣
አንዲት ተማሪ አስነሥቼ፣ «ያመኛል» ብዬ።
ባቱ ስንደርስ ፕላስቲክ ነው፣ የአበባ ቤት፣ ነጭ በነጭ፤
በመሐሉ አንዲት ስንጥር ውኃ ስታብለጨልጭ—
ከዚያ ዛፍ፣ ከዚያ ግንብ፣ ከዚያ ጎማ ጥገና።
ደሴት አላየሁም።
ረዳቱ በሩን መታው፦ «ባቱ! ወራጅ አለ?»
ዝም።
መቶ ብሩ መዳፌ ውስጥ ነው፤ እርጥብ ነው ገና።