ስንጥቅ፣ ደረጃ ሦስት

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ታክሲ ሳይንጫጫ፣
ውሻ ብቻ ነቅቶ፣ ሳይጀመር ሩጫ፣
ነጯ መኪናችን ከፒያሳ ወጥታ
ቸርችልን ትወርዳለች አንገቷን ደፍታ።
ሰው ሽቅብ ሲያንጋጥጥ ለፎቁ ርዝመት
እሷ የምታየው የረገጥነውን መሬት፤
ካሜራ በጀርባዋ፣ ቀይ ጨረር ከሥሯ፣
በየሁለት ሜትሩ አንድ ፎቶ ነው ሥራዋ።

መሪዋን የያዙት አቶ ዘርጋው ናቸው፤
ስምን መልአክ ያወጣል፣ ምስክር ስማቸው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእግር እየዞሩ
በጠመኔ፣ በሜትር፣ ጉድጓድ የቆጠሩ፤
የጓዶች ዘመን ጉድጓድ፣ የክቡራን ጉድጓድ፣
ሁለቱም ሲሞላ ያው ጠጠርና ጉድ።
አሁን ሹፌር ሆነው፣ ማሽኑ ሲቆጥር፣
ፍጥነት ይጠብቃሉ፣ አርባ ኪሎ ሜትር።

አንድ ሌሊት አብሬያቸው ወጥቼ ነበር።
«አሁን ትነጥራለች» አሉ፣ ብሔራዊ ቲያትር ጋ።
ነጠረች።
ከአንድ ሰከንድ በኋላ ማሽኑም አገኘው።

የኔ ሥራ ግን ቀን ነው። ሜክሲኮ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣
ከማሽኑ በኋላ ማሽኑን መጠየቅ፦
በቀይ ሣጥን ከቦ ያሰፈረልኝን
ስንጥቅ ነው ወይስ ጥላ ብዬ መለየትን።
የመብራት እንጨት ጥላውን ቢያስተኛ
«ቁመታም ስንጥቅ» ይላል፣ ያ የኔ ጓደኛ፤
የፈሰሰ ዘይት፣ ጎማ የረገጠው፣
ጉድጓድ ነው ብሎ ደረጃ ሰጠው።
እሰርዛለሁ። ጣቴ መሰረዝ ለምዷል።

ልክ የሚሆንበትም አለ፣ አልክደውም፤
ከኔ ቀድሞ ያየውን፣ የኔ ዐይን አይክሰውም።
«የአዞ ቆዳ» ይባላል በሙያው ቋንቋ፣
አስፋልቱ ሲቀር ደቃቃ በደቃቃ፤
ለገሃር አጠገብ አለ አንድ ሰፊ አዞ፣
በጋ ተኝቶ የሚከርም፣ ክረምት የሚውጥ ጎማ ይዞ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣
ግራም ቀኝም የቆርቆሮ አጥር ካለበት መንገድ፣
ምስል ቁጥር አራት ሺህ ሰባ፦
«ስንጥቅ፣ ደረጃ ሦስት።
ባለ አራት ማዕዘን። በአስቸኳይ ይጠገን።»

አጎላሁት።
ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነው፤ አስፋልት እንዲህ አይሰነጠቅም።
አንድ ቤት፣ ከላዩ አንድ ቤት፣ ከዚያ ሁለት ጎን ለጎን፣
ሐሙስ ላይ የተረሳ ቆርኪ።
ሰኞ ማክሰኞ።

ሰፈሩ ከተነሳ ዓመት አለፈው።
ከአጥሩ ወዲያ አፈር ነው፣ ከአፈሩ ወዲያ ክሬን።
ማን መጥቶ ነው እዚህ በአንድ እግሩ የዘለለ?
በስንት ታክሲ መጥቶ?
ቤት የሌለበት መንገድ ላይ
ስምንት ቤት ተሠርቶ አደረ።

አቶ ዘርጋው ፈረቃ ሊፈርሙ ሲገቡ አሳየኋቸው።
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣
አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣
«ቢጫዋ ጠመኔ ናት» አሉ።
«የመሥሪያ ቤቱ። ወፍራሟ።
ዝናብ ቶሎ አያጥባትም።»

የኛ ካሜራ ቀለም አያውቅም፤
ምስሉ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው።
እሳቸውን ማየት ትቼ ስክሪኑን አየሁ።
እሳቸውም ፈርመው ወጡ፤
ኮታቸው ኪስ ጠርዙ ላይ
የሆነ አቧራ ነበረው።

ዝርዝሩ ላይ «ጨዋታ» የሚል ምርጫ የለም፤
ስንጥቅ አለ፣ ጥላ አለ፣ የፈሰሰ ቀለም፣
ከሁሉም በታች «ሌላ»። እሱን ተጫንኩ።
ማብራሪያ ይጻፍ ይላል። ባዶውን ላኩ።

ሰኞ ዕለት የጉዞው መዝገብ ደረሰኝ፦
ፍጥነት አርባ፣ አርባ፣ አርባ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣
ከዚያ፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ድንገት አምስት፤
መኪናዋ ለስምንት ሜትር ወደ ግራው ጠርዝ ሄዳለች።
ምክንያት፦ አልተሞላም።
ጎማዋ ግን፣ በምስሉ ላይ አየሁት፣
አንዱንም መስመር አልረገጠም።