ሠላሳ አንድ ከመቶ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣
አባቴ በአይሱዙ ከውጫሌ ደርሷል።
ከላቦራቶሪው በር ጆንያውን አጋድሞ፣
«እንኪ ጦይባ» አለኝ፤ ሳሉ ቀደመው፤ አለ ደግሞ፦
«ሰዉ ጥቁር ድንጋይ ይለዋል። አንቺ ተምረሻል፤
ውስጡን አይተሽ ንገሪኝ። አንድ ቁራጭ ይበቃሻል።»

ቁራጩን አደቀቅሁት፣ በወንፊት ነፋሁት፣
አንድ ግራም መዝኜ በሸክላ ጽዋ አነደድሁት፤
አመዱ ሠላሳ አንድ ከመቶ።
ሦስቴ ደገምኩት። ያው ነው፤ አልተለወጠም ከቶ።
ይኸ ማለት፣ አባ፣ ከሦስት ጆንያህ አንዱ
ከሰል አይደለም፤ አፈር ነው ጉዱ።

እንዲህ ግን አላልኩትም። ጓንቴን አጠለቅኩ፣
ዱቄቱን አስቀምጬ፣ የጨው አሲድ ጨመርኩ።
ፈላ። እሳት ሳይነካው ፈላ፤
ኖራው ነው ትንፋሹን ለቆ የሚሸሽ ወደ ሌላ።
በከሰሉም ጫፍ ላይ ካልሲየም ነበረ፣ እንደ ብድር ዋስ፣
ሁለት ኦክስጅን በግራ በቀኝ ይዘውት እንዳይላወስ፤
አሲዱ ሃይድሮጅን ከፍሎ ዋሱን አስለቀቀ፣
የተፈታውም እጅ ጎረቤቱን ፈልጎ፣ በቀጭን ክር ተጣበቀ።

ሁለተኛው አሲድ ብርጭቆ ይበላል፤
ስለዚህ ቤቱ ፕላስቲክ ነው። እዚያ ውስጥ ዝም ይላል።
ቆዳ ላይ ቢያርፍ መጀመሪያ አያቃጥልም፣
አጥንት ሲደርስ ነው የሚናገረው። ከሱ ጋር ቀልድ የለም።
አሸዋውን ፈታው፣ ሸክላውን ፈታው፣ ስንት ዘመን የተኛውን፣
ያኔ ጎርፉ ከረግረጉ ቅጠል ጋር አብሮ የቀበረውን።

ከዚያ ማጠብ ነው። ሙቅ ውሃ። ማጥለያ ወረቀት። ደግሞ ውሃ።
አንድ ጠብታ የብር ጨው፤ ውሃው ወተት ከመሰለ፣
ክሎሪን ቀርቶታል፤ «እጠቢኝ፣ አልጠራሁም» አለ።
ዘጠኝ ጊዜ ወተት ሆነ። በአሥረኛው ጠራ፣
ውጭ ሙአዚኑ ለአስር ሲጣራ።

በኢንፍራሬድ አየሁት። መስመሩ ወረደ፣ ወጣ፤
ሸክላው የነበረበት ሸለቆ ሞልቶ፣ ሜዳ ሆኖ መጣ፤
አንድ ሺህ ሰባት መቶ አጠገብ ግን አዲስ ገደል፣
ያ ከዋስ የተፈታው እጅ፣ በራሱ ስም «አለሁ» ሲል።
ቀለበቶቹስ? ስድስት ስድስት ካርበን፣ ክንድ ለክንድ የተያያዙ፣
ንቅንቅ አላሉም። እንደያዙ፣ እንደተያዙ።

ሦስተኛውን ጠርሙስ፣ ናይትሪኩን፣ ለብቻዬ ሞከርኩ ማታ።
እሱ አጣቢ አይደለም፤ ገብቶ ያድራል፣ እንደ ቤቱ ጌታ።
የጅል ወርቁን፣ ያን ድኝ ያዘለ ብልጭልጭ፣ ይበላል፤ መልካም። ግን እዚያ አያቆምም፤
ድልድይ ይሰብራል፣ በቀለበቱ ላይ የራሱን ናይትሮጅን ይሰካል፤ አያፍርም።
በማግስቱ ጥቁሩ ቡናማ ሆኖ በአልካሊ ውሃ ሟሟ፣
ግማሽ መንገድ ወደ ረግረጉ የተመለሰ፣ ስሙን የተቀማ።

ዓርብ አባቴ መጣ። ሁለት ብልቃጥ አሳየሁት፤
«ይኼ የታጠበው ነው፣ ይኼ የተለወጠው» አልኩት።
የታጠበውን አንስቶ ለመስኮቱ ብርሃን ሰጠው፤
«ቀሎብሻል» አለ። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ኩንታሉ ስንት ሊገባ ነው?»

ፋብሪካው የሚያነባት ያችን ሠላሳ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አለች፣
የእኔ ፊርማ ከሥሯ፤ ዋጋውን በሩብ ትቀንሳለች።
ነገርኩት።
አልተቆጣም። ሳለ። መሐረቡን አየው፤ ጥቁር ነበር፤ አጠፈው፤
«አፈሩንም ከከሰሉ እኩል ነው በጀርባዬ ያወጣሁት፤ እሱን ማነው የሚጽፈው?»
ቀጥሎ «አብሽሪ» አለኝ፣ እኔን።

ለዚህ አሲድ የለኝም፣ አባ።
ማጥለያው ላይ የቀረውን መዝኜ ጻፍኩ።
ያለፈውን ውሃ ግን፣ ኖራህን፣ ሸክላህን፣
መርዙን አብርጄ በጀሪካን ዘጋሁት፤
«ይመር ሙሄ፣ ከውጫሌ» ብዬ ጽፌበት
ከመደርደሪያው ሥር አለ። ቦታ ይዟል ይሉኛል።
ልድፋው? የት?