የሃምሳ ረቡዕ

ሠላሳ አንድ ድርሰት በፌስታል ተጠቅልሎ፣
በጎረቤላ ጉም ውስጥ ከብብቴ ውሎ፣
ማታ ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ።
መብራት እንደ ልማዱ ብልጭ ብሎ አለፈ።
ጋቢዬን ደርቤ፣ ሻማዬን ለኩሼ፣
የነጥብ ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ ዳስሼ፣
ጀመርኩ፦
ትርጉም ሃያ ነጥብ፣ ምሳሌ ሠላሳ፤
ቀሪው ለቋንቋው ነው፣ ሆሄ ላልረሳ።

ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ነው። ውሉ እንደዚያ ነበር፤
ዳኛ እንዳያዳላ ለዘመድ፣ ለሰፈር።
ለዚህ ሕግ በክበቡ ቆሜ የተከራከርኩ፣
«ጭፍን ጥላቻና መቻቻል» ብዬ በጠመኔ የጻፍኩ፣
እኔው ነኝ።

አንደኛው ይጀምራል፦ «ጭፍን ጥላቻ ማለት...»
ሁለተኛውም እንዲሁ፦ «ጭፍን ጥላቻ ማለት...»
ስምንተኛው ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካን ዞረ፤
ዘጠነኛው ጀርመን ገብቶ የሞተውን ቆጠረ።
ሁሉም ሩቅ አገር ነው፤ ሁሉም ባሕር ማዶ፤
ማን አየ እዚህ ታች፣ ቁልቁለቱን ወርዶ?
ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያም ሰጠሁ፤
ሻዬን በመሐሉ ፉት እያልኩ ጠጣሁ።

አሥራ ሰባት ቁጥር።
ርእስ የለውም። ትርጉም የለውም።
ሁለት ገጽ እንኳ አልሞላም።

«እናቴ ሸክላ ትሠራለች።
ድስቷን ይገዛሉ፤ ብሩን ግን መሬት ላይ ያስቀምጡላታል።
እሷም ከመሬት ታነሣዋለች።
በድስቷ ወጥ ይሠራሉ፤ ድስቷ ማንንም አልወጋም።
የሚወጋው ዓይኗ ነው ይላሉ።
ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ቤታችን መጣ፤
'ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ እንዳታቋርጥ' ሊል።
ያንን ቁልቁለት ወርዶ የመጣ መምህር እሱ ብቻ ነው።
ይህን አልረሳለትም።
እናቴ እንቁላል ጠበሰችለት።
ሁለት ነበሩን፤ ሁለቱንም።
እሱም 'ረቡዕ እኮ ነው፣ እናቴ፤ ጾም ነው' አላት።
እናቴም 'አዎ ለካ፣ ረስቼው፤ ይቅር ይበሉኝ' አለች።
ረቡዕስ ረቡዕ ነበረ።
ግን ሃምሳ ነበር።
ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ።
እናቴ ጾም መቁጠር ታውቃለች።»

ይኸው ነው። ከዚህ በታች ነጭ ወረቀት።

ሻማው ተንጠባጠበ። ቀዩ እስክሪብቶ ቆመ።
የመደቡ ቅዝቃዜ ከታች ሽቅብ አገረሸ፤
የቅቤው ሽታ መጣ።
ርቦኝ ነበር እኮ! ዳገቱን ስወጣ ምራቄን እየዋጥኩ፣
ጎረቤላ ደርሼ አንድ ብርጭቆ ወተት በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩ።

እኔ እኮ አላምንም፤ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ነው፤
ጉሮሮዬ ብቻ ነው፣ ሳይጠይቀኝ ያመነው።

ዳኛው እኔ እንደሆንኩ ታውቅ ይሆን? እንጃ።
እጅ ጽሕፈቷ የትም ቦታ አልተንቀጠቀጠም።
በሰንጠረዡ ቢሄድ፣ ትርጉም ዜሮ ከሃያ።
መቶ ብሰጣትስ? ጉቦ ነው፣ አፍ ማዘጊያ።
ዝቅ ባደርገውስ?
ሌላ ረቡዕ ነው።

ስም አይጻፍም ያልኩት ሰውዬ
ከኅዳጉ ላይ በቀይ «ጾም አልነበርኩም» ብዬ
ስሜን ጻፍኩበት፤ የአባቴን ስም ጭምር።
ጠዋት ለመምህርት እንዳሻሽ ሰጠኋት፦ «ይችን አንቺ እረሚ፤ እኔ አልችልም።»
አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ።
መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ብዙ ጊዜ ወለወለች፤
ምንም ሳትል ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነገ ልውረድ ብዬ ተነሣሁና
ነገ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ፤
ጥቅምት ነው፣ የእውነቱ ጾም።
የኔ ነገር! ሳቄ መጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

ሐሙስ እወርዳለሁ።
ብሩን በእጇ እሰጣታለሁ፣ አንድ ድስት እገዛለሁ፤
ቁጭ በል ካለችኝም እቀመጣለሁ።
እግሬን አውቀዋለሁ፤ ይወርዳል።
ጉሮሮዬን እንጃ።