የበረዶ ልክ

አስራ አንድ ሰዓት ሌሊት፣ መንደሩ ሳይነቃ፣
ግንባሬ ላይ መብራት፣ በትከሻዬ ዕቃ፣
እወጣለሁ ብቻዬን፣ ከኬብሉ ጣቢያ ማዶ፣
ሰው ወዳልረገጠው፣ ወዳጠርኩት በረዶ።

አራት ክንድ በአራት ክንድ፣ በሽቦ የታጠረች፣
ውሻ እንዳይገባባት፣ ደወል የታሰረች፣
ከተራራው ሁሉ፣ ይቺ ብቻ የኔ ነች።

ዘንጌን እተክላለሁ፤
ትንፋሼ እንዳያቀልጠው፣ ፊቴን አዞራለሁ፤
ብዕር ስለሚቀዘቅዝ፣ በእርሳስ እጽፋለሁ፦

    አዲስ በረዶ፣ ባዶ።
    የቆየው፣ ሠላሳ አንድ ሳንቲሜትር፣ የደደረ።
    ሙቀት፣ ከዜሮ በታች ሁለት። ንፋስ ከምዕራብ።
    ከቀትር በኋላ ዝናብ አይቀርም።

ጆኪያ ይደውላል፣ ቁርሱ አፉ ውስጥ ሳለ፣
ሆቴሉም ኬብሉም የሱ ነው፤ «ፒሩዛ» አለ፣
«ስድሳ በይው እስቲ፣ ምን ይጎድልብሻል?
ሦስት አውቶቡስ እንግዳ፣ ከኩታይሲ ይነሳል።
ቁጥር እኮ ቁጥር ነው፤ ማን ዘንግ ይዞ ይመጣል?»

አምና ብዬው ነበር። ስድሳ፣ ያለ ሐፍረት።
ከስስ ሻሹ በታች፣ ድንጋይ ጥርሱን ስሎ በሚጠብቅበት፣
አስራ ስድስት ዓመት ያልሞላው፣ የትብሊሲ ልጅ፣ ጉልበቱ ተገነጠለበት።
እናቱ አልጮኸችም፤ አንዲት ስድብ አልወረወረች፤
ስልኳን ከፍታ፣ የጻፍኩትን አሳየችኝ፤ ዝም አለች።

ዘንድሮ ሠላሳ አንዱን፣ ሠላሳ አንድ አልኩት።
አውቶቡሶቹ ቀሩ። ዝናቡ መጣ፣ እንደፈራሁት።
ባዶ ወንበሮቹ፣ ሽቦው ላይ ተርታቸው፣
እንግዳ እንደቀረበት ድግስ፣ ውሃ ይንጠባጠባል ከጫፋቸው።
መቭሉድ መደልደያ መኪናውን አጥፍቶ፣ ሱፍ እየፈለፈለ፣
«እኔስ ምን ልደልድል? ጭቃ?» አለ።
ዝናቡ ጣሪያው ላይ፣ መልስ ሲሰጠው ዋለ።

ሐሙስ ማታ ግን፣ ንፋሱ ፊቱን አዞረ፤
ከቴርሞሜትሩ በፊት ጉንጬ አወቀው፣ ብርዱ ጥርስ ጨመረ።
ሌሊቱን ሙሉ ወረደ፤ ድምፅ የሌለው ነገር፣
የሌላውን ድምፅ የሚውጥ፤ የወንዙን፣ የውሻውን፣ የበር።
ዓርብም አላባራ። ቅዳሜ ሌሊት ብወጣ፣
አጥሬ የለችም፤ ዳብሼ ዳብሼ፣
ደወሏ ከሥር ታፍኖ፣ እግሬ ሲነካው ተንጣጣ።

ጉድጓድ ቆፈርኩ። አካፋውን ከላይ አጋድሜ፣
ሦስቴ ብቻ በመዳፌ መታ፣ መታ፣ መታ፤
እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ፣ የላይኛው ሁሉ
ተስቦ ወደኔ መጣ፣ ያለ ኮሽታ።

    አዲስ በረዶ፣ መቶ አስራ ስምንት።
    ደረቅ፣ ቀላል፣ የተነፋ ዱቄት።
    ከሥሩ፣ ዝናቡ የሠራው መስተዋት።
    ሁለቱ አልተያያዙም።
    የናዳ አደጋ፣ ከአምስት አራት። ሸርተቴው ዝግ ነው።

ጆኪያ በስልክ ሳይሆን፣ በእግሩ መጣ ዛሬ፣
እስከ ወገቡ ሰምጦ፣ እየተነፈሰ እንደ በሬ፤
«ሲጠፋ ‹የለም› ትያለሽ! ሲመጣ ‹ዝጉ› ትያለሽ!
አንቺ ሴት፣ በእግዜር፣ ከኔ ጋር ምን ቂም አለሽ?»
ጉድጓዱን አሳየሁት።
አየ። ቆቡን አወለቀ፣ አራገፈ፣ መልሶ ደፋው፤
ሄደና ኬብሉን በገዛ እጁ አጠፋው።

ፀሐይ ወጣች ደግሞ፣ ሰው የምታሳስት ዓይነት፣
ሰማዩ የታጠበ ሳህን፣ ገደሉ ያልተነካ ወተት።
እንግዶች በረንዳ ላይ፣ ባለ ውድ መነጽሮቹ፣
እንደ ጾመኛ ሥጋ ቤት፣ ሲያዩት ዋሉ ሰዎቹ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ።
አልወረደም።
ጥላው ቁልቁል ተሳበ፣ ገደሉ ሐምራዊ መሰለ፤
አልወረደም።
ጆኪያ መስኮቱ ጋ፣ ያልተሸጠ ቲኬት ይቆጥራል፤
ያልወረደ ናዳ፣ ማን ፊት ቆሞ ይመሰክራል?
ያልሞተን ሰው ስሙን፣ ከየት አምጥቼ ልጥራው?
ያ፣ ጥግ ላይ ያኮረፈው፣ ቀይ ሹራብ የለበሰው፣
ሁለት ደህና ጉልበቱን አጣጥፎ፣
በኔ እየተናደደ፣ ሾርባውን እፍ የሚለው
ይሆን? ወይስ ጎኑ ያለችው?

አላውቅም።
ወደ ቤቴ ገባሁ፤ እርሳሴን ቀረጽኩ፤
የደወል ሰዓቴን፣ ለአስራ አንድ ሞላሁ።