አሥራ ዘጠኝ እርምጃ

ቤቱን የገዛን ቀን፣ ከሰነዱ ግርጌ፣ በደበዘዘ ቀለም፣
አንዲት ቃል አየሁ፤ ከሷ በቀር ሌላ ማብራሪያ የለም፦
“ጉድጓድ”።
የት እንደሆነ አይል፣ ስንት ክንድ እንደሚወርድ፣
ማን እንደ ከደነው፣ በሳንቃ ይሁን በጥርብ፣ በማንስ ፈቃድ።

ጌቪን ሳቀ፤ “ውሃ እንደሁ ከቧንቧ ይወርዳል፣
ለሞተ ጉድጓድ ደግሞ ማን ይጨነቃል?”
እኔ ግን ሰሃን እያጠብኩ በመስኮት አያለሁ፣
ማቲልዳ ሣሩ ላይ ስትዘል፣ ዝላይዋን እቆጥራለሁ፦
ከእግሯ ስር ያለው አፈር ነው? ወይስ የበሰበሰ ሳንቃ?
ሦስት ሌሊት ስገላበጥ፣ በአራተኛው እሱም ነቃ።

የብረት ዘንግ ገዛን። ጓሮውን እንደ ወንፊት በሳሳነው።
ድንጋይ ሲያገኝ ቂው ይላል፤ ሥር ሲያገኝ ዝም ነው።
አንድ ቅዳሜ “ድም!” ብሎ ልባችንን አቆመው፤
ቆፈርን፣ ቆፈርን፤
የዛገ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነው።

የጥር አመዳይ ደግሞ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው፣
አንድ ክብ ቦታ ብቻ ሳይነካ ተወው።
“ያውና! ከስር ይተነፍሳል!” ብዬ በሌሊት ልብሴ ወጣሁ፤
ያምናውን የድንች ልጣጭ ክምር፣ ትኩስ ፍግ ረገጥሁ።

ከኖሪች የመጣው ሰውዬ፣ ሁለት ቆልማማ ሽቦ ይዞ፣
ጓሮውን ሦስት ጊዜ ዞረው፣ አቀርቅሮ፣ ተክዞ፤
ሽቦው ሄዶ ሄዶ የውሻውን ጎጆ በር ተሳለመ፤
ሠላሳ ፓውንድ ከፈልነው፤ ውሻው ግን ከሱ ጋር ተቀያየመ።

በመጨረሻ ሰማን፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከሽማግሌው ኦብሪ ላርተር፤
ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ የተወለደው በኛ ቤት ነበር።
“ከኩሽናው በር ወደ ፖሙ ዛፍ፤ አሥራ ዘጠኝ ነው እርምጃው፤
እናቴ ቁጥር ያስተማረችኝ እዚያ ነው፣ ውሃ ስንቀዳ፣ ስንመላለሰው።”

ጌቪን ተነሣ፤ በዚያ የሽመላ ቅልጥሙ ለካ፤
በአሥራ አምስተኛው አጥር ገጠመው፤ ቀሪው የሰው ጎመን ሊነካ።
“ዘጠና አንድ ዓመት!” አለ በጆሮዬ፤ “ምኑ ይታመናል ትዝታው?”
ተውነው። እሑድ ጠዋት በራችንን ማን ቢመታው፣
ኦብሪ! በባርኔጣ፣ በምርኩዝ፤ “እኔው ራሴ ልሂደው።”

ከኩሽናው ደፍ ጀመረ። አንድ... እግሩን አያነሣም፣ ይጎትታል፣
አንዱ ጫማ የሌላውን ጣት ሳያልፍ ይቆማል።
ሁለት... ሦስት... ሻዩ ቀዘቀዘ። ዘጠኝ... አሥር...
ያኔ ነው የገባኝ። ሲቆጥር እኮ ልጅ ነበር!
ያችን አጭር እርምጃ ጉልምስና ወስዶበት፣
እርጅና፣ እንደ ታማኝ ተበዳሪ፣ ሳይሸራርፍ መለሰለት።

አሥራ ዘጠኝ። ቆመ። ከላቬንደሩ ጥግ መሬቱን በምርኩዙ መታው፤
“ጓ!” አለ፣ እንደ ባዶ ጋን። ጌቪን ቃል አልወጣው።

አንድ ስንዝር ስንቆፍር ጥርብ ድንጋይ፣ ዙሪያውን ቀይ ጡብ አገኘን፤
በዲጂኖ ስንፈለቅቀው የከረመ ቅዝቃዜ ተነፈሰብን፤
ጠጠር ጣልን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦ... ጥልም! እርስ በርስ ተያየን።
ኦብሪ ግን በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ “ባልዲው ይታያል?” አለን።

“ገመዱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ‘ተበጠሰ’ ብዬ ዋሸሁ፤
የተገረፈው ሬጂ ነው፤ ወንድሜ። በመጋረጃ ቀዳዳ አየሁ።”
ሬጂ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ጌቪን ባትሪውን አበራ፤ ከታች ጥቁር ውሃ፣ የራሱ ጭንቅላት፤
“አይታይም” አለ። “አይታይም” አለ ኦብሪም፤
እፎይታ ይሁን ቅሬታ፣ አላወቅንለት።
ከዚያ ጉልበቱን አራግፎ፣ ሻይ እንድንደግመው ጠየቀ፣ እንደ ዘበት።

አሁን አፉ ላይ ፍርግርግ ብረት አለ፣ በአራት ብሎን የታሰረ።
ማቲልዳ ከኩሽናው በር ቆጠረች፤ “አሥራ ስድስት!” አልሰመረ።
“ተሳስተሃል!” ብላ ጮኸችበት። ኦብሪ ሻዩን አማሰለና፣
“ባዶ እጅሽን ነዋ” አላት፤ “ውሃ ይዘሽ ሞክሪ እንደገና።”

የአሸዋ መጫወቻ ባልዲዋን እስከ አፉ ሞልታ፣
ግማሹን ጫማዋ ላይ አፍስሳ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣
ከደፉ ጀመረች፦
አንድ...